ጠቃሚ እና ጠቋሚ

የካቲት 12 ቀን

ለእህቴ፣

ይህን ብዕር የያዘችው የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ናት። ያማረ ጽሕፈት አይተሽ በስተርጅና የተማርኩ እንዳይመስልሽ። የምሳ ሰዓቷን ሰውታልኝ፣ ከስፌት መኪናዬ ማዶ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ነው። እጁ የእሷ ነው፣ ቃሉ የእኔ።

ለምን አትደውልም ትዪኛለሽ። ሃምሳ ዓመት ከመኪና ጋር የኖረ ጆሮ ስልክ ላይ የሚሰማው የንብ ቀፎ ነው። ባለፈው "ጉልበትህ እንዴት ነው?" ስትዪኝ "ጉልበተኛማ ነኝ!" ብዬ የመለስኩልሽን እስካሁን ለባልደረቦችሽ እያወራሽ ትስቂብኛለሽ አሉ። ሳቂ። ደብዳቤ ግን አያሳስቅም።

ጉልበቴ ያመኛል። መነጽሬ በአንድ ወገን ተሰንጥቋል፤ ቢሰነጠቅም ክር በመርፌ ቀዳዳ ለማስገባት ማንንም አልጠራም። ሠፈሩ አሁንም "ጋሽ ሜትር" ይለኛል፣ ሜትር ነክቼ እንደማላውቅ እያወቀ። እንደ ድሮዬ የምለካው በክር ነው። ለአንድ ልጅ አንድ ክር፤ አንዱ ቋጠሮ ቁመት፣ አንዱ ወገብ፣ አንዱ እጅጌ። ግድግዳው ላይ ሁለት መቶ የሚያህል ተሰቅሏል። የትኛው ክር የማን እንደሆነ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ፤ ስሞት የዚህ ትምህርት ቤት ልጅ ሁሉ ራቁቱን ይቀራል።

አሁን የምነግርሽን ልብ ብለሽ ስሚ። ለማንም አላወራሁትም።

በአሁኑ ወቅት የትምህርት ቤቱ ቅጥር ግቢ እጅግ ውብ ሆኖ ይታያል። አበቦቹ ልዩ ልዩ ቀለማትን ተላብሰው፣ ቢራቢሮዎችም በላያቸው እየተንሳፈፉ የተመልካችን ልብ ይማርካሉ። የአየሩ ሁኔታ ተስማሚ ሲሆን ከዛፎቹ ሥር የሚነፍሰው ለስላሳ ነፋስ መንፈስን ያድሳል። ተማሪዎቹም በመልካም ጤንነትና በደስታ ትምህርታቸውን በመከታተል ላይ ይገኛሉ። በአጠቃላይ ሁሉም ነገር ሰላም ነው።

እንግዲህ ነገሩ ይኸው ነው። አንቺ የሕፃናት ነርስ ነሽ፤ እንዲህ ያለውን ታውቂዋለሽ። ምን ላድርግ? ሳትውዪ ሳታድሪ መልሺልኝ። እስክትመልሺልኝ እንቅልፍ የለኝም።

ታላቅሽ


የካቲት 27 ቀን

ለወንድም ጋሼ፣

እንደምን ሰንብተሃል? እኔ ከእግሬ እብጠት በቀር ደህና ነኝ። ደብዳቤህ ደረሰኝ። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በአራተኛው አብራኝ ለምትሠራው ልጅ ሰጠኋትና "እስቲ ወንድሜ የጠየቀኝን ጥያቄ ፈልጊልኝ" አልኳት። እሷም አጣችው።

"ምን ላድርግ" ብለሃል። "እንቅልፍ የለኝም" ብለሃል። ስለ ምኑ? ከዚያ በላይ ያለው ስለ አበባ ነው። ጋሼ፣ አንተ በዕድሜህ አበባ ያየኸው ጨርቅ ላይ ታትሞ ነው፤ ያንንም "ቀለሙ ይለቃል" እያልክ ስታጣጥለው። ቢራቢሮ? "የአየሩ ሁኔታ ተስማሚ ሲሆን"? ይህ ያንተ አፍ አይደለም። መጀመሪያ የታመምክ መሰለኝ። ኋላ ግን ከላይና ከታች ያለውን አየሁት፤ እሱ አንተው ነህ። መሀሉን ነው ሌላ ሰው የተካው። ካፖርት ሳይበላሽ ገበሩ እንደተቀየረ።

አንድ ነገር አላስተኛ አለኝ። ልጆቹ "በመልካም ጤንነትና በደስታ" ናቸው ይላል። አንተ ልጆቹን "እነዚያ ዱርዬዎች" ነበር የምትላቸው፤ ጤንነታቸውን ማንም አልጠየቀህም። እኔ ሃያ ስድስት ዓመት ሕፃናት ክፍል ስሠራ፣ ሳይጠየቅ "ልጁ ደህና ነው" የሚል ሰው መፍራት ተምሬአለሁ።

እባክህ ሌላ ሰው ፈልግና፣ በዚያ ቀን ያልከውን እንዳልከው አስጽፍልኝ። አትኩራብኝ። እኔ ፊደል የቆጠርኩት አንተ ቋጠሮ ስለቆጠርክ ነው፤ ይህን የሚረሳ ሰው ያለ አይምሰልህ።

ታናሽህ


መጋቢት 11 ቀን

ለእህቴ፣

ዛሬ ብዕሩን የያዘው ፖስተኛው ነው። እጁ የዶሮ ጭረት ይመስላል ይላል ራሱ፤ ይምሰል። የሚሰማውን ሁሉ ይጽፋል። ጉሮሮዬን ስጠርግ እንኳ "እሱንም ልጻፈው?" ይለኛል። ጻፈው አልኩት። ይኸው ጻፈው።

ደብዳቤሽን ያነበበልኝ እሱ ነው። አበባው ላይ ሲደርስ ሳቅሁ። ከዚያ ድገምልኝ አልኩት። እኔ አበባ አላልኩም። ጸሐፊዋ እየጻፈች እኔ እጇን አይ ነበር፤ ስናገር ብዕሩ ይሄዳል፣ ስቆም ይቆማል። አንድም መስመር አልጎደለም ብዬ ፈርሜ ሰጠሁ። እንዴት ብዬ ልጠርጥር? መኪና ጨርቁን የሰፋ እየመሰለ ክር አልቆበት ባዶውን ሲረግጥ ታውቂያለሽ? እንደዚያ ነው የሠራችኝ። አሁን በሱቄ በኩል አታልፍም፣ ማዶ ተሻግራ ነው የምትሄደው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሳትመልሺ የቀረሽው አንቺ ነሽ ብዬ በአንቺ ላይ ሳጉረመርም ነበር። አጉረምርሜአለሁ፤ ተይው።

በዚያ ቀን ያልኩት ይህን ነው።

አንዲት ልጅ አለች። ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ሦስተኛ ክፍል። እናትና አባት የላትም፤ ከአክስቷና ከአክስቷ ባል ጋር ናት። በመስከረም ለክቼ የደንብ ልብሷን ሰፍቻለሁ። በየካቲት መጀመሪያ አክስትዮዋ "እጅጌው ተቀዷል፣ ሌላ ይሰፋላት" ብላ ይዛት መጣች። አክስትዮዋ ጨዋ ናት፣ አነጋገሯ ማር ነው። ልጅቷን ስጠይቃት የምትመልሰው እሷ ናት። "ስንተኛ ወጣሽ?" እላለሁ፤ "አራተኛ ወጣች" ትላለች። "ምነው ከሳሽ?" እላለሁ፤ "ምግብ አትወድም" ትላለች። ልጅቷ ወለሉን ታያለች።

እኔ ስለካ ክሩ ብብት ሥር ሲገባ የማይስቅ ልጅ አይቼ አላውቅም። ዱርዬውም ይስቃል፣ ኮስታራውም ይስቃል። ይቺ አልሳቀችም። ትንፋሿን ያዘች። እጅጌውን ገለጥ ሳደርገው ክንዷ ላይ ምልክት አለ፤ በአንድ ወገን አራት፣ በሌላው ወገን አንድ። ጣት ነው። እኔ በጣቴ የኖርኩ ሰው ነኝ፣ ጣት አይጠፋኝም። አሮጌም አለ፣ ወደ ቢጫ የሄደ፤ አዲስም አለ። ለወገቧ ሸሚዟን ከፍ ሳደርገው ጀርባዋ ላይ ደግሞ አራት ማዕዘን ነገር አለ፣ መሀሉ ላይ ቀጭን መስመር። ፖስተኛ፣ አትቁም፣ ጻፈው። የቀበቶ ዘለበት ነው። ስንቱን ቀበቶ ሰፍቻለሁ።

አክስትዮዋ ፊቴን አይታ "ደረጃ ላይ ወድቃ ነው" አለችኝ። ደረጃ ጣት የለውም አላልኳትም። ምነው ባልኳት።

ስልኳ ጮኸና ወደ ውጭ ወጣች። ያኔ ልጅቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለች።

"አባባ፣ እጅጌውን እስከ መዳፌ ያርዝሙልኝ።"

"በዚህ ሙቀት? ትቀቀያለሽ።"

"እጄን ሳወጣ እንዳይወርድብኝ ነው።"

"የት ነው እጅሽን የምታወጪው?"

"ክፍል ውስጥ። መምህር ሲጠይቁ መልሱን አውቀዋለሁ። ግን እጄን ሳወጣ ይወርዳል።"

ይህን ነው ለጸሐፊዋ ያልኳት። አበባ ያደረገችው ይህንን ነው።

ማታ የመስከረሙን ክርና የአሁኑን ክር ጎን ለጎን ያዝኳቸው። ቁመቷ ሁለት ጣት ጨምሯል። ወገቧ ግን አንድ ጣት ሙሉ ቀንሷል። ልጅ ሲያድግ ወገቡ ቢያንስ ባለበት ይቆያል እንጂ አይቀንስም፤ አንቺ ነርስ ነሽ፣ ተሳስቻለሁ? ልብሱ አልቋል። ሚስማር ላይ ሰቅዬዋለሁ፣ የሚወስደው አልመጣም። በር በተከፈተ ቁጥር ቀና እላለሁ፤ ቁልፍ የተነቀለበት ሰው ነው።

ስሟን አልነግርሽም። የማን ቤት እንደሆነም አልነግርሽም። ልብስ ሰፊ ገላ አይቶ አያወራም፤ በዚህ ነው ሃምሳ ዓመት የታመንኩት። የሰው ገመና ነው። ፖስተኛው "ለዚህ ነገር ቢሮ አለ፣ ጥቆማ ይስጡ" አለኝ። ጥቆማ! በወጣትነታችን ጠቋሚ ማለት ምን እንደነበር አንቺም አትረሺውም። ጎረቤቱን በጣቱ አሳይቶ የሚያስወስድ ሰው ነው። በእኛ ሙያ መጥቀም ማለት መስፋት ነው። እኔ ጠቃሚ ነኝ እንጂ ጠቋሚ አይደለሁም አልኩት። ከሳቀ በኋላ "ይህንንም ልጻፈው?" አለኝ።

እኔ ያሰብኩት ሌላ ነው። ወንድ ልጅ ፊት ለፊት ነው የሚናገረው። ከነገ ወዲያ ያለውን ቅዳሜና የሚቀጥለውን አልፌ በሦስተኛው ቅዳሜ፣ ልብሱን ይዤ ቤታቸው እሄዳለሁ። አክስትዮዋንም ባልዮውንም በር ላይ አቁሜ፣ "ይህ የማን ጣት ነው?" እላለሁ። ከዚያ በፊት የምትዪኝ ካለ በዪኝ።

ታላቅሽ


መጋቢት 18 ቀን

ለወንድም ጋሼ፣

ሰላምታዬን ይቅር በለኝ፣ ዛሬ አጭር ነው።

አትሂድ። በእናታችን ነፍስ ልለምንህ፣ አትሂድ። አንተ በር ላይ ስትጮህ በሩ ይዘጋል፤ አንተ ውጭ ትቀራለህ፣ ልጅቷ ውስጥ። ምን አውርተሽ ነው ትባላለች። ማን እንደነካት እሷንም ደግመህ አትጠይቃት። እንዲያ ያለውን መጠየቅ የሚያውቁ ሰዎች አሉ፤ አንዴ ነው የሚጠይቁት፣ ቀስ ብለው።

አሁን የሠራሁትን ልንገርህ፣ ተቆጣ። ደብዳቤህን ባነበብኩ በሰዓቱ፣ ዩኒፎርሜን ሳላወልቅ፣ እናንተ ከተማ ላለው የሕፃናት ጥበቃ ቢሮ ደውያለሁ። ስሜን፣ ሙያዬን፣ የአንተን ሱቅና የትምህርት ቤቱን ስም ሰጥቻለሁ። የልጅቷን ስም ስላልነገርከኝ አልሰጠሁም። ሰው ይልካሉ። የሚያውቃት አንተ ብቻ ነህ፤ ግድግዳህ ላይ ካለው ሁለት መቶ ክር የእሷን የሚለይ ሌላ የለም።

ሳላስፈቅድህ ለምን? ሕጉ ስለማያስፈቅደኝ ነው። ሐኪም፣ ነርስ፣ መምህር፣ የትምህርት ቤት ሠራተኛ፣ ልጅ እየተጎዳ ነው ብሎ ከጠረጠረ ማሳወቅ ግዴታው ነው። መጠርጠር ይበቃል፣ ጋሼ። ማን አደረገው፣ እውነት ነው ወይ የሚለውን ማጣራት የእነሱ ሥራ ነው። በቅን ልብ ያሳወቀ ቢሳሳት እንኳ አይከሰስም፣ ስሙም አይወጣም። ዝም ያለ ግን ይጠየቃል። ያቺ ጸሐፊ ለምን አበባ እንደጻፈች ይገባኛል፤ ይቅር ብያታለሁ ማለቴ አይደለም። በእጇ ከጻፈችው "አላወቅሁም" ማለት አትችልማ።

አንተን ግን ሕጉ አያስገድድህም። ዝርዝሩን አይቼዋለሁ፤ ልብስ ሰፊ የለበትም። ብትናገርም ባትናገርም ማንም አይጠይቅህም። ለዚህ ነው የምለምንህ እንጂ የማላዝህ።

አንድ ያልነገርኩህ ነገር አለ። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ቤት መጥቼ አንድ ሳምንት ሙሉ አፌን ሳልከፍት የተቀመጥኩትን ታስታውሳለህ? ምን ሆነሽ ስትለኝ ደክሞኝ ነው አልኩህ። አንድ ልጅ ነበር። ሁለት ጊዜ መጣ፣ ሁለቴም "ወደቀ" አሉኝ፣ ሁለቴም እንደወደቀ ጻፍኩ። "አሥር ጊዜ ለክተሽ አንዴ ቁረጪ" ትለኝ ነበር አንተ፤ እየለካሁ ነበር። በሦስተኛው ጊዜ በሕይወት አልደረሰልኝም።

ክሮቹን ስጣቸው።

ታናሽህ


ግንቦት 4 ቀን

ለእህቴ፣

ብዕሩን የያዘችው ያችው ናት። አዎ፣ የአበባዋ። ደብዳቤውን አትቅደጂው፣ ጨርሺው። በርጩማው ላይ እንደ መጀመሪያው ቀን ተቀምጣለች፣ ፖስተኛው ደግሞ ቦርሳውን እንዳንጠለጠለ በሩ ላይ ቆሟል። "ምን ትሠራለህ?" ስለው "የመልእክት ደህንነት እየጠበቅሁ ነው" ይላል። ቀልደኛ።

ጥፋቴን አስቀድሜ ልናገር፤ ሁለተኛ ስለማልናገረው በደንብ ጻፊው ብያታለሁ። ደብዳቤሽ ሳይደርሰኝ፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ አንዲት ወጣት ሴት ሱቄ ገባች። ትልቅ ቦርሳ ይዛለች። "አባባ፣ ከሕፃናት ጥበቃ ነው የመጣሁት። ስለ አንዲት ልጅ የሚያውቁት ነገር እንዳለ ሰምተናል" አለችኝ። ከማን ሰማሽ አላልኳትም። "እኔ የማውቀው ጨርቅ ነው" አልኳት። "ማን አደረገው ብዬ አልጠየቅሁዎትም፤ ያዩትን ብቻ ነው" አለች። "ያየሁት ጨርቅ ነው" አልኩ። ስልክ ቁጥር የጻፈችበት ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ ትታ ወጣች። ለእኔ ወረቀት! ቁልፍ ጠቀለልኩበት።

ደብዳቤሽ የደረሰው ዓርብ ነው። ሦስት ቀን አለፈ ማለት ነው። በዚያ ሦስት ቀን እዚያ ቤት ውስጥ ምን እንደሆነ አላውቅም። በኋላ ቢሮውን ጠይቄአለሁ፣ አልነገሩኝም። ይህ ሦስት ቀን የእኔ ነው፤ ከእኔ ጋር ይቀበራል። ጻፍሽው? ጻፊው።

ፖስተኛው ሲያነብልኝ የዚያ ወደቀ ያሉሽ ልጅ ነገር አንጀቴን በላው። ያን ሳምንት አስታውሰዋለሁ፤ ደክሟት ነው ብዬ ትራስ ሰፋሁልሽ። ይቅር በዪኝ። ነገር ግን እውነቱን ልንገርሽ፣ ከወንበር ያስነሳኝ እሱ አይደለም። "ልብስ ሰፊ በዝርዝሩ የለም" ያልሽው ነው። ማን ነው ዝርዝሩን የጻፈው? ሐኪም ልጁን ሲታመም ነው የሚያየው። መምህር ከነልብሱ ነው የሚያየው። ሸሚዙን ገልጦ በዓመት ሁለት ጊዜ ፊቴ የሚቆመው እኔ ጋ ነው! ፊደል ያልቆጠረ ሰው ዓይንም የለው መሰላቸው? ሁለቱን ክር ከግድግዳ አወረድኩ፣ ሱቁን ዘጋሁ፣ በሚያመኝ ጉልበቴ ቢሮው ድረስ በእግሬ ሄድኩ።

እዚያ ያለው አለቃ "ማስረጃ በጽሑፍ አለዎት?" አለኝ። "አለኝ" አልኩና ክሮቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋኋቸው። ክሩን አየ፣ እኔን አየ። ሊስቅ ነበር። ያቺ ባለ ቦርሳዋ ግን ማስመሪያ አመጣች። ቋጠሮውን አንድ በአንድ እየለካች ቁጥር ጠራች፣ ሌላው ጻፈ። ቁመት ጨምሯል። ወገብ ቀንሷል። ሦስተኛው ላይ ስትደርስ "ይህ እጅጌ ነው? ምነው እንዲህ ረዘመ?" አለችኝ። ልጅቷ ያለችኝን ነገርኳት። ማስመሪያውን አስቀመጠች። አለቃውም መሳቁን ተወ።

"የማን ልጅ ናት?" አሉኝ።

ሃምሳ ዓመት ያልተናገርኩትን ተናገርኩ። ስሟን፣ መንገዱን፣ የበሩን ቀለም። ከዚያ አውራ ጣቴን ቀለም አስነክረው አስፈረሙኝ። ይኸውልሽ፣ ጠቃሚው ጠቋሚ ሆንኩ። ሰኞ ጠዋት ከክፍሏ ወሰዷት። አልጮኸችም አሉ። ቦርሳዋን ራሷ ነው የያዘችው አሉ።

አሁን ጸሐፊዋ የራሷን ትንገርሽ። እኔ ለሰው አፍ አልሆንም።

«እኔ ጸሐፊዋ ነኝ። በየካቲት አሥራ ሁለት ጋሽ ሜትር የነገሩኝን ሁሉ ሰምቻለሁ። ልጅቷንም አወቅኋት፤ ስሟን ባይጠሩም ያቺን እጅጌ በየቀኑ በመስኮቴ አያት ነበር። ሕጉን አውቀዋለሁ፣ ማስታወቂያ ሰሌዳችን ላይ የለጠፍኩት እኔ ነኝ። በእጄ ከጻፍኩት ያወቅሁ ሆኜ እጠየቃለሁ ብዬ ፈራሁ፤ ርእሰ መምህሩም የትምህርት ቤቱን ስም የሚያነሳ ነገር አይወዱም። ንግግራቸው ረጅም ስለነበር ብዕሬ መሄድ ነበረበት፤ አምና ለትምህርት ቤቱ መጽሔት ስለ ግቢያችን የጻፍኩትን በቃሌ የማውቀውን ጻፍኩ። መርማሪዎቹ ሲመጡ የሚመሰክርብኝ ወረቀት አልነበረም። ደብዳቤው እርስዎ ጋ ነው፣ እሱም አበባ ነው። "አልሰማሁም" ብል ያልፍ ነበር። ሰምቻለሁ አልኩ። ባልጽፈውም አውቄው ነበርና።»

በቃ፣ አፌን መልሺልኝ።

ይህን ያለችው በአምስት ሰው ፊት ነው። ዲሲፕሊን ኮሚቴ ጠርቷታል፤ ከሥራ ትቀር እንደሆነ ገና አልታወቀም። ትናንት መጥታ እዚህ ሱቅ በር ላይ ቆመች። አልገባችም፣ አልሄደችም። "ወይ ግቢ ወይ ውጪ፣ ብርሃን ጋርደሽኛል" አልኳት። ገባች። "ደብዳቤውን እንደገና ልጻፍልዎት" አለችኝ። የዚያን ቀኑን አይደለም፣ የዛሬውን ጻፊ አልኳት።

ጉዳዩ ፍርድ ቤት ነው። መቼ እንደሚያልቅ የሚያውቅ የለም። የአክስትዮዋ ባል እስኪወሰን በዋስ ወጥቶ በዚሁ መንገድ ይመላለሳል። ሱቄ ፊት ሲደርስ እርምጃውን ያዘገያል። እኔም መኪናዬን አቁሜ አየዋለሁ። አክስትዮዋ አንድ ቀን መጣች። ማር የነበረው ምላሷ አልነበረም፤ "ቤቴን አፈረሱት" አለችኝ። እግዜር ፈርዶብሻል እንዳልላት ያየሁት ገላ እንጂ ቤት አይደለም፤ አዝናለሁ እንዳልላት አላዝንም። ወንበር ሰጠኋት፣ አልተቀመጠችም። ያሳወቀ ሰው ስሙ አይወጣም ብለሽ ነበር። ከቢሮው አልወጣም፤ ክር ይዤ በመንገድ መሀል ስሄድ ያየኝ ሠፈር ግን ዓይን አለው። አንዳንዱ "ጠቋሚው" ይለኛል። ስድስት እናቶች የልጆቻቸውን ልብስ ሌላ ጋ ወስደዋል። ስድስቱን ክር ከግድግዳ አላወረድኩም። ልጆቹ ያድጋሉ፣ እናያለን።

ከትናንት በስቲያ ያቺ ባለ ቦርሳዋ መጣች። ልጅቷ የት እንዳለች አይነግሩኝም፤ አለመንገራቸውም ደግ ነው። አዲስ ትምህርት ቤት ልትገባ ነው፣ የጨርቁ ቀለም ሌላ ነው። ሊለኳት ሜትር ይዘው ቢሄዱ "በሜትር አይደለም፣ በክር ነው" አለቻቸው አሉ። ቋጠሮውን ራሷ ነው የቋጠረችው። እኔ እንደማደርገው ሁለቴ አጥብቃ ቋጥራዋለች፤ መቼ አይታኝ እንደሆነ አላውቅም።

ያመጣችልኝን ክር ቢሮው ከመለሰልኝ ከመስከረሙ ጎን ያዝኩት። ወገቧ ወደነበረበት ተመልሷል፣ እንዲያውም ግማሽ ጣት አልፏል። እጅጌው ላይ ስደርስ ግን ተሳስታ መሰለኝ። ቋጠሮው ከክርን በላይ ነው። ባለ ቦርሳዋን "ይህ ልክ ነው?" አልኳት። "አጭር ይሁን ብላለች" አለችኝ። ስለ ሙቀቱ ይሁን በሌላ፣ አልጠየቅሁም። እንዳዘዘችው ቆረጥኩ። ያ ረጅሙ እጅጌ ግን እስካሁን ሚስማሩ ላይ አለ፤ በር ሲከፈት አሁንም ቀና እላለሁ። አዲሱ ልብስ ከሄደ በኋላም ያው ነኝ፤ ሌሊት ሁለት መቶውን ክር በሐሳቤ እዳስሳለሁ። የቱ ነበር ያልሳቀው እያልኩ።

ልጨርስ። ባለፈው ጸሐፊዋን አንብቢልኝ አላልኳትም። አለማወቄን ማሳየት መስሎኝ፣ ኮራሁ። ዛሬ ግን ከመጀመሪያው ጀምሮ በእጄ ክር ይዣለሁ። አንድ ነገር በተናገርኩ ቁጥር አንድ ቋጠሮ ቋጥሬአለሁ። አሥራ አራት ሆኗል። ሦስቱ ቀን አንድ ቋጠሮ ነው፣ የጸሐፊዋም ንግግር አንድ ቋጠሮ ነው፣ እጅጌው አንድ።

በይ ጸሐፊዬ፣ ፊርማውን ቆይ። ከላይ ጀምረሽ አንብቢልኝ። ቀስ እያልሽ፤ ክሩ በጣቴ ነው።